ሚዛኑ ያሳያል፣ ኮምፒውተሩ አያነብም፦ ሲሪያል ፖርት የት ላይ ይሰናከላል?

ድሬዳዋ ያለ አንድ የቡና መጋዘን እንውሰድ። ኬሻው ዲጂታል ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የሚዛኑ መስኮት 60.40 ኪሎ ይላል፤ ከጀርባው የወጣው ኬብል ደግሞ ይህንኑ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ፕሮግራሙ ግን ባዶ ነው። ወይም እንግዳ ምልክት ይደረድራል። ወይም ደግሞ፣ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፣ ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ይመዘግባል። መዝጋቢው "ሚዛኑ ተበላሽቷል" ይላል፤ ሚዛን ጠጋኙ "ሶፍትዌሩ ነው" ይላል፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው ልጅ ደግሞ ኬብሉን ይከሳል። ሦስቱም በየተራ ልክ የሚሆኑበት ቀን አለ። ምልክቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ጥፋቱ የት እንዳለ አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ ይለያል።

የምንናገረው ስለ ሚዛን ቢሆንም ለባርኮድ ማንበቢያ፣ ለላቦራቶሪ መሣሪያም ሆነ አርዱዪኖ ለተባለው ትንሽ ፕሮግራም ተቀባይ ቦርድ መንገዱ አንድ ነው።

ሲሪያል ፖርት እንዴት ይሠራል?

ሲሪያል ፖርት መረጃን በአንድ ሽቦ ላይ ቢት በቢት እያስከተለ የሚልክ መገናኛ ነው። ሚዛኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት አርኤስ-232 ይባላል። መስፈርቱ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቢያረጅም ቀላልና ርካሽ በመሆኑ አምራቾች አልተዉትም። ለመገናኘት ሦስት ሽቦ ይበቃል፦ ላኪ፣ ተቀባይ እና ግራውንድ። ባለ 9 ፒኑ ሶኬት ላይ፣ በኮምፒውተሩ በኩል፣ ፒን 2 ተቀባይ፣ ፒን 3 ላኪ፣ ፒን 5 ግራውንድ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ይህ ሶኬት ስለሌላቸው በመሃል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ይገባል።

ሁለቱ መሣሪያዎች የጋራ ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ ቀድመው መስማማት አለባቸው። የሚልኩበት ፍጥነት ባውድ ሬት ይባላል፤ 9600 ከተባለ በሴኮንድ 9600 ቢት ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወይም አኃዝ አንድ ባይት ሲሆን ከፊቱ መነሻ ቢት፣ ከኋላው ማቆሚያ ቢት ይታከልለታል። በተለመደው አሠራር አንድ ባይት 10 ቢት ይፈጃል፤ በ9600 በሴኮንድ 960 ባይት ያልፋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ፓሪቲ የሚባል መቆጣጠሪያ ቢት ሊኖር ይችላል። መመሪያ ደብተር ላይ "8ኤን1" ሲባል 8 የመረጃ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ማቆሚያ ቢት ነው። "7ኢ1" ሲባል ደግሞ 7 የመረጃ ቢት፣ ተጋማሽ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት ነው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ምንም ነገር አይመጣም፤ ከየት ልጀምር?

ከኮዱ አትጀምሩ። ፕሮግራሙን ዝጉትና እንደ ፑቲ ወይም ቴራ ተርም ያለ፣ ፖርቱ ላይ የደረሰውን እንዳለ የሚያሳይ ተርሚናል ክፈቱ። እዚያ ላይ ቁጥር ከታየ ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ቀጥታ ወደ ታች እለፉ።

እዚያም ዝም ካለ አዳፕተሩን ለብቻው ፈትኑት። ኬብሉን ንቀሉና በአዳፕተሩ ጫፍ ላይ ፒን 2ን ከፒን 3 ጋር በወረቀት ማያያዣ ወይም በቁራጭ ሽቦ አገናኙ። የተርሚናሉን ፍሎው ኮንትሮል፣ ማለትም "ላክ" ወይም "ቁም" የሚያሰኘውን ምርጫ፣ አጥፉና ኪቦርዱን ምቱ። የጻፋችሁት ተመልሶ ከታየ ኮምፒውተሩ፣ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከአዳፕተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) እና አዳፕተሩ ጤነኞች ናቸው። ሽቦውን ስታነሱ ፊደሉ መታየቱን ማቆም አለበት፤ ካላቆመ ያያችሁት የተርሚናሉን የራሱን ማስተጋቢያ ነው፤ አጥፉትና ድገሙት።

ቀጥሎ ኬብሉ ይፈተሻል። ሁለት ዓይነት ኬብል አለ፦ ቀጥተኛ፣ እና 2ና 3ን የሚያጠላልፍ። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። የሚለያቸው ቴስተር ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ፤ ኬብሉን ከሚዛኑ ነቅላችሁ፣ ሚዛኑ እንደበራ፣ ጥቁሩን ጫፍ የሚዛኑ ሶኬት ፒን 5 ላይ፣ ቀዩን በየተራ 2ና 3 ላይ አሳርፉ። አንደኛው ከዜሮ በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ቮልት ኔጌቲቭ ያሳያል። ላኪው እሱ ነው፤ አርኤስ-232 ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ኔጌቲቭ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህ ፒን ከአዳፕተሩ ፒን 2 ጋር መገናኘት አለበት። ከ3 ጋር ከተገናኘ ሁለት ላኪዎች ፊት ለፊት ቆመው ማንም አያዳምጥም፤ መፍትሔው ኬብሉን በሌላኛው ዓይነት መለወጥ ነው።

ሁለቱም ፒኖች ዜሮ አካባቢ ከሆኑ የሚዛኑ መመሪያ ደብተር ላይ ግራውንዱ ሌላ ፒን ላይ እንዳይሆን እዩ። አንዳንዱ ሚዛን ደግሞ ሶኬቱ ተገጥሞለት ውስጡ ያለው ቦርድ ለብቻ የሚገዛ ነው። ቴስተሩ 3.3 ወይም 5 ቮልት አካባቢ ፖዘቲቭ ካሳየ መሣሪያው ቲቲኤል በሚባለው ደረጃ ነው የሚሠራው፤ ከአርኤስ-232 አዳፕተር ጋር በቀጥታ አታገናኙት፣ ሊቃጠል ይችላል። በመሃል እንደ ማክስ3232 ያለ ቺፕ ያስፈልጋል።

ቮልቴጁም ኬብሉም ልክ ሆኖ ሚዛኑ ዝም ካለ፣ ዝም በል ተብሎ ሊሆን ይችላል። ሚዛኖች ክብደትን በሦስት መንገድ ይልካሉ፦ ያለማቋረጥ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ወይም ክብደቱ ሲረጋ፣ አለዚያም ሲጠየቁ። የህትመት ቁልፉን አንዴ ጫኑት፤ አንድ መስመር ከመጣ የቀረው በሜኑው አሠራሩን መቀየር ነው። ሲጠየቅ የሚመልስ ከሆነ ትእዛዙ ከመመሪያ ደብተሩ ይወሰዳል። የኤ ኤንድ ዲ ሚዛኖች ለምሳሌ "ኪው" የሚለውን የላቲን ፊደል ይጠብቃሉ፤ የሜትለር ቶሌዶዎቹ "ኤስ"ን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የመስመር መጨረሻን የሚናገሩት ዋጋቸው 13 እና 10 የሆኑ ባይቶች ናቸው፤ ፑቲ ላይ ኢንተር ሲጫኑ የሚሄደው ባይት 13 ብቻ ነው፤ ብዙ ሚዛን ግን 13ንም 10ንም ይጠብቃል። ኢንተሩን ተከትላችሁ ኮንትሮልና "ጄ"ን አንድ ላይ ብትጫኑ 10ም ይላካል።

ፍሎው ኮንትሮል የሚባለውንም በሁለቱም በኩል አጥፉት። ሚዛኑ በፒን 8 "ላክ" የሚል ምልክት እየጠበቀ ኬብሉ ሦስት ሽቦ ብቻ ካለው ያ ምልክት መቼም አይደርስም።

ፖርቱ ራሱ አልከፈት ካለስ?

ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ተከፍቶ የፖርቶች ዝርዝር ይታያል። አዳፕተሩ ሲነቀል የሚጠፋው፣ ሲሰካ የሚመለሰው ቁጥር የእናንተ ነው። ከስሙ ላይ ቢጫ ምልክትና "ኮድ 10" የሚል ስህተት ካለ የአዳፕተሩ ቺፕ አስመስሎ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፕሮሊፊክ የተባለው ቺፕ አምራች አዲስ ድራይቨሮች አሮጌና አስመስለው የተሠሩ ፒኤል2303 ቺፖችን አይቀበሉም። ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች ከዚህም ርቆ ሄዷል፦ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ድራይቨሩ ሐሰተኛ ቺፖችን ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው፤ በ2016 ደግሞ ሌላ ድራይቨሩ በሚነበበው መረጃ ቦታ "ሐሰተኛ መሣሪያ ተገኝቷል" የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ያወጣ ነበር። ክብደት የሚጠብቅ ፕሮግራም ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ከገበያ ሲገዙ ሲኤች340 የተባለው ርካሽ ቺፕ ያለበት አዳፕተር አይናቅም፤ የሌላውን ስም ሳይሰርቅ በራሱ ስም ስለሚሸጥ ከድራይቨር ጋር ብዙም አይጣላም።

"አክሰስ ዲናይድ" (መግባት ተከልክሏል) የሚል መልእክት ከመጣ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ያ ሌላ ፕሮግራም ቅድም ለፍተሻ ከፍታችሁ የረሳችሁት ተርሚናል ነው። ሊነክስ ላይ ደግሞ ተመሳሳዩ ችግር የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ በኡቡንቱ ተጠቃሚው "ዲያልአውት" ወደሚባለው ቡድን መግባት፣ ከዚያም ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ተሰክቶ ወዲያው ከጠፋ "ቢአርኤልቲቲዋይ" የተባለው የብሬይል ማሳያ አገልግሎት የራሱ መሣሪያ መስሎት ወስዶታል። ብሬይል የማትጠቀሙ ከሆነ ማስወገድ ነው።

ግማሹ ቁጥር ትክክል፣ ግማሹ ምልክት ሆኖ ለምን ይመጣል?

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የማይነበብ ዝብርቅርቅና በከፊል የሚነበብ ዝብርቅርቅ ይለያዩ። አንድም አኃዝ የማይታወቅ ከሆነ ባውድ ሬቱ ነው፤ 9600፣ 2400፣ 4800፣ 1200፣ 19200 እያሉ መሞከር ነው። ፍጥነቱ ሁሉ ተሞክሮ ካልተስተካከለ ከላይ ያልነውን የቲቲኤልና የአርኤስ-232 መደባለቅ አስቡ፤ የሁለቱ ምልክት ተገላቢጦሽ ነው።

አንዳንዱ አኃዝ ደህና ሆኖ ሌላው እንደ ± ወይም ² ያለ ነገር ከሆነ ግን ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ያልተስማማው ፓሪቲው ነው። ሚዛኑ በ7ኢ1 ይልካል፣ ፕሮግራሙ በ8ኤን1 ያነባል። ሚዛኑ ሰባት ቢት ልኮ ስምንተኛውን የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን ይሞላዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን ስምንተኛ ቢት የፊደሉ አካል አድርጎ ይወስደዋል። የአንዶቻቸው ብዛት ቀድሞውኑ ተጋማሽ የሆነው 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ናቸው፤ እነሱ ሳይነኩ ያልፋሉ። 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ይበላሻሉ። 1 ± ይሆናል፣ 2 ደግሞ ² ይሆናል። ነጥቡና የመደመር ምልክቱ ይተርፋሉ፤ ኮማው ይበላሻል።

በዚህ ምክንያት ሚዛኑ "አንዳንዴ ይሠራል"። 60.35 ኪሎ ያለው ኬሻ ሲወጣ ቁጥሩ እንከን የለውም፤ ቀጥሎ 61.20 ሲወጣ ይሰበራል። እንግዲህ ጠንቀቅ ማለት እዚህ ጋ ነው፦ ፕሮግራመሩ ስህተት እንዳይታይ ብሎ የማይታወቁ ምልክቶችን ዝለላቸው ካለ 61.20 ኪሎ 6.0 ኪሎ ሆኖ ይመዘገባል፤ ማንም ምንም ማስጠንቀቂያ አያይም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ "ይህን ባይት በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል ኮድ) መፍታት አልቻልኩም" ብሎ ሲቆም ሰው ይናደዳል እንጂ ውለታ ነው የዋለው። ስህተቱን ከማፈን ፖርቱን በ7ኢ1 መክፈት።

በነገራችን ላይ በዚሁ ጥፋት የመስመር መጨረሻ ምልክት ከሆኑት አንዱ፣ ባይት 13፣ ይበላሻል፤ ባይት 10 ግን ይተርፋል። 13ን የሚጠብቅ ፕሮግራም ለዘላለም ይጠብቃል፤ 10ን የሚጠብቀው ይሠራል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ሚዛን ላይ የተለያየ ነገር ሲሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

60.40 የነበረው 0.40 የሚሆነው ምን ሆኖ ነው?

ሲሪያል ፖርት "መልእክት" የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የባይት ጅረት ነው። ባቡር ድሬዳዋ ጣቢያ ሲገባ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ እንደሚያልፉ ቁጠሩት፤ በመሃል ዞር ብሎ "ባቡሩ ስንት ፉርጎ ነበር?" ያለ ሰው ያየውን ያህል ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ባቡሩ ማለቁ የሚታወቀው በጭራው ነው፤ የመስመሩ ጭራ ደግሞ ባይት 10 ነው።

አንድ የተለመደ መስመር ክብደቱ መርጋቱን በሚናገሩ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ ከዚያ ኮማ፣ የመደመር ምልክት፣ 00060.40፣ ክፍት ቦታ፣ የኪሎ ምልክት፣ በመጨረሻ 13ና 10፤ በድምሩ 17 ባይት ነው። በ2400 ፍጥነት ይህ መስመር ለመድረስ 71 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በየ50 ሚሊሴኮንዱ "ያለውን ስጠኝ" የሚል ፕሮግራም መስመሩን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ "+0006" ያገኝና 6 ኪሎ ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ "0.40" ያገኝና 0.40 ኪሎ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ሲታዩ ቁጥር ናቸው፤ ሁለቱም ውሸት ናቸው።

ትክክለኛው አነባበብ የደረሰውን ሁሉ አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጨመር፣ ባይት 10 ሲገኝ እስከዚያ ያለውን ቆርጦ ማውጣት፣ ትርፉን ለሚቀጥለው ዙር መተው ነው። ፖርቱ እንደተከፈተ የሚመጣው የመጀመሪያ መስመር ከመሃሉ የተጀመረ ሊሆን ስለሚችል ይጣላል። መስመር አንባቢ ትእዛዝ ብትጠቀሙም የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ ግማሹን መስመር እንደ ሙሉ ይመልስላችኋል፤ መጨረሻው ላይ 10 መኖሩን ሳታዩ አትመኑት። የጊዜ ገደብ ጨርሶ ካልሰጣችሁት ደግሞ ሚዛኑ ሲጠፋ ፕሮግራሙ አብሮ ይደርቃል። 1 ሴኮንድ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

የመስመሩ ቅርጽ በሁሉም ሚዛን አንድ አይደለም። ባይት 2 አስቀድሞ በባይት 3 የሚዘጋ አለ፤ በ13 ብቻ የሚያበቃም አለ። ነጥቡን ሳይልክ የነጥቡን ቦታ በሌላ ባይት የሚናገር አለ። ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት የሚልክም አለ፤ እሱን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደነቅ ይውላል። ኮድ ከመጻፍ በፊት እንደ ሪል ተርም ባለ ባይቱን በቁጥር በሚያሳይ ተርሚናል ባዶ ሚዛን፣ ቀጥሎ የታወቀ መመዘኛ አስቀምጦ ማየት ግምትን ያስቀራል። መስመሩ ክብደቱ አልረጋም ካለም መመዝገብ የለበትም።

የቀደመው ኬሻ ክብደት ለምን ይመዘገባል?

ይህኛው ጥፋት በፍተሻ ጊዜ አይታይም፤ ሥራ ሲጀመር ነው የሚወጣው። ሚዛኑ ያለማቋረጥ በሴኮንድ 10 መስመር ይልካል እንበል፤ 170 ባይት ነው። ፕሮግራሙ በሴኮንድ አንድ መስመር፣ 17 ባይት ብቻ ያነሳል። የቀረው 153 ባይት ኮምፒውተሩ ያዘጋጀው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቆለላል። ማጠራቀሚያው 4096 ባይት ከሆነ በ27 ሴኮንድ ገደማ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ውስጡ 240 ያህል መስመር ተሰልፏል፤ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚያነሳው ከሰልፉ ፊት ያለውን፣ የቆየውን ነው። መዘግየቱ እያደገ 4 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል። በ4 ደቂቃ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ስንት ኬሻ ወጥቶ ይወርዳል? ቦታ ያጣው አዲስ መረጃ ደግሞ ስለሚፈስ መስመሮች መሃላቸው ተቆርጦ እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ሚዛኑን ባዶውን አምስት ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ ክብደት አውጡበት። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ካልተለወጠ ችግሩ አለባችሁ።

መፍትሔው ማንበብን ከመመዝገብ መለየት ነው። አንድ የፕሮግራሙ ክፍል ለብቻው ያለማቋረጥ ያንብብ፤ የመጨረሻውን ሙሉና የረጋ መስመር ከደረሰበት ሰዓት ጋር ብቻ ይያዝ። መዝጋቢው ቁልፉን ሲጫን ያ መስመር ይወሰዳል፤ ዕድሜው ከ1 ሴኮንድ ካለፈ ፕሮግራሙ እምቢ ይበል። አጭሩ መንገድ ቁልፉ ሲጫን ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጎ፣ መጀመሪያ የመጣውን ቁራጭ ጥሎ ቀጣዩን መውሰድ ነው። ሚዛኑ ሲጠየቅ ብቻ እንዲመልስ ማድረግ ከተቻለ ግን እሱ ይሻላል፤ ሰልፍ የሚባል ነገር አይኖርም።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ ካቆመስ?

ለጽዳት የተነቀለ አዳፕተር ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ዊንዶውስ አዲስ የፖርት ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ኮም 3 የነበረው ኮም 5 ይሆናል። ቀዳዳውን በቀለም ምልክት ማድረግ ወይም ፕሮግራሙ ፖርቱን በቁጥር ሳይሆን በአዳፕተሩ መለያ እንዲፈልግ ማድረግ ያስፈልጋል። ከእረፍት መልስ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን የሚያጠፋውን ምርጫ አንሱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ፖርቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት አልተማረም።

አቧራ በበዛበት መጋዘን የባለ 9 ፒኑን ሶኬት ሁለት ብሎኖች ሳያጠብቁ መተው ችግር መጥራት ነው። ርቀትም አለ፦ አርኤስ-232 በተለመደው ኬብል እስከ 15 ሜትር ነው የሚታመነው። ግቢ ውስጥ ያለ የመኪና ሚዛን ቢሮ ድረስ የሚመጣ ከሆነ አርኤስ-485 ይሻላል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ሚዛኑ በጄኔሬተር፣ ኮምፒውተሩ በመስመር መብራት በሚሠሩበት ቦታ የሁለቱ ግራውንድ ልዩነት በኬብሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ፖርት ያቃጥላል፤ እዚህ ላይ ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያይ አዳፕተር ወጪውን ይመልሳል።

ለማንኛውም ፕሮግራሙ የደረሰውን ጥሬ ባይት ከነሰዓቱ አንድ ፋይል ላይ ይጻፍ። ጠጋኙ ሲመጣ ያ ፋይል ከተከፈተ ± ያለበት መስመር፣ የተቆረጠ መስመር እና ምንም ያልመጣበት ሰዓት በዓይን ይለያሉ።